ኢበርድ በጎንደር፦ የመጸው ወፎችን ለመቁጠርና የዓመት መዝገብ ለመያዝ

ኢበርድ የወፍ ተመልካቾች ያዩትን ዝርያ፣ ያዩበትን ቦታና ሰዓት የሚመዘግቡበት ነጻ የስልክ መተግበሪያና ድረ ገጽ ነው። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአእዋፍ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮት፣ በ2021 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበው ምዝገባ ከ1 ቢሊዮን አልፏል። እዚህ የምመረምረው ግን ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው። ጎንደር ተቀምጦ፣ ከመስከረም ጀምሮ ከሰሜን የሚወርዱትን ወፎች እየለየ በዓመት ስንት ዝርያ እንዳየ በታማኝነት መቁጠር ለሚፈልግ ሰው ይህ መተግበሪያ ይበቃዋል ወይ? ለዕለት ምዝገባ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። የዓመቱን ቆጠራ የሚዘጋበት ቀን ግን ከእኛ ወቅት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ የዕለቱን መዝገብ ለእርሱ ሰጥቼ የዓመቱን ድምር በራሴ ደብተር እይዛለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። መመልከት ሲጀመር አንድ ቁልፍ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ የተሄደበትን መንገድ፣ ርቀቱንና የፈጀውን ጊዜ በራሱ ይይዛል፤ ተመልካቹ የወፉን ስም ከዝርዝሩ እየፈለገ ቁጥሩን ይሞላል። በአንድ ቦታ ቆሞ ማየት፣ እየተጓዙ ማየት፣ በሌላ ሥራ ላይ እያሉ በአጋጣሚ ማየት ለየብቻቸው ይመዘገባሉ። የአካባቢውን የወፎች ዝርዝር ቤት ውስጥ ዋይፋይ ባለበት አስቀድመው ካወረዱት፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ሜዳ ላይም ይሠራል፤ የተመዘገበው ሁሉ ስልኩ ላይ ቆይቶ መስመር ሲገኝ ይላካል። ለእኛ አካባቢ ይህ ዋና ነገር ነው፤ መስመር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው አልመክረውም ነበር።

ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት መተግበሪያው አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ለይተህ ያወቅኸውን ወፍ ሁሉ መዝግበሃል ወይስ የመረጥኸውን ብቻ? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳያስብበት ያልፈዋል፤ እኔ ግን የመተግበሪያው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ እንዳለ አምናለሁ። አንድ ሰው በፋሲል ግቢ ዙሪያ ሲዞር ከግንቡ ሥንጥቅ የሚወጡትንና የሚገቡትን አንገተ ነጭ እርግቦች ሁልጊዜ ያያቸዋልና መመዝገቡን ይተወዋል፤ ቁራውንና ጭልፊቱንም እንዲሁ። እነዚህ እርግቦች ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በየትም አይገኙም፤ ዛሬ የጎንደር ሰው ስላልቆጠራቸው ነገ ቢቀንሱ ማንም የሚያውቅበት መንገድ አይኖርም። ሁሉንም መዝግቤአለሁ ብሎ የሚላክ ዝርዝር ያልታየውን ወፍ ጭምር ይናገራል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ወፍ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ሳይታይ ቀረ ማለት ነውና። ፍልሰተኛ ወፎች መቼ እንደ ደረሱ ማወቅ የሚቻለውም ካልታዩባቸው ቀናት በመነሣት ነው። በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት የተሞሉ ሙሉ ዝርዝሮች ከሌሉ፣ በጥቅምት የታየው ንስር ትናንት ይግባ ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ መለየት አይቻልም።

የመጸው ፍልሰት በጎንደር ቀስ እያለ የሚገባ ነገር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ተራራው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ጅራታቸው ለሁለት የተሰነጠቀው የአውሮፓ ስዋሎዎች ከደመናው ሥር ነፍሳት እያሳደዱ ይታያሉ። በዚያው ሰሞን የአውሮፓ ንብ በሎች በቡድን ሆነው ከፍ ብለው ያልፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከመታየታቸው በፊት የሚንከባለለው ድምፃቸው ይሰማል። ከዚያ ቢጫ ዋግቴሎች ጅራታቸውን እየወዘወዙ በግጦሽ ላይ ባሉ ከብቶች እግር ሥር ይሰማራሉ፤ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ጥቅምት ሲገባ ዊትየር የሚባሉት ወፎች በየድንጋዩና በየካቡ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ዊሎው ዋርብለርን የመሰሉ ቅጠል ውስጥ የሚርመሰመሱ ትንንሾችም ጥላ ባለበት ዛፍ ሁሉ ይገኛሉ። በጥቅምት አጋማሽና በኅዳር ደግሞ ትልልቆቹ፣ የስቴፕ ንስሮችና በጣና ዳር የሚከርሙት ክሬን የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች፣ ይደርሳሉ።

ትልልቆቹ ወፎች በምሥራቅ በኩል የሚመጡበት ምክንያት አለው። ንስርና ሽመላ ረጅሙን መንገድ ክንፋቸውን እያማቱ አይዘልቁትም፤ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ከሚነሣው ሞቃት አየር ጋር እየተሽከረከሩ ከፍ ይሉና ከዚያ ተንሸራትተው ወደሚቀጥለው ይደርሳሉ። በባሕር ላይ እንዲህ ያለው አየር አይነሣም። ስለዚህ ከመካከለኛው እስያ የሚመጡት ብዙዎቹ ንስሮችና ሌሎች አዳኞች ባሕሩ ወደሚጠብበት ወደ ባብ ኤል መንደብ ተሰብስበው ከየመን ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በዚያ መሻገሪያ ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች ተመዝግበዋል። የኢትዮጵያ ደጋ ከዚያ ቀጥሎ የሚያገኙት ምድር ነው።

የመስቀል ወፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ለመስከረም ብቻ የምትመጣ እንግዳ አድርገን እናያታለን፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ቀያይና ቢጫ ወፎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገር ውስጥ ያሉ ናቸው። ወንዶቹ በክረምት የመራቢያ ላባቸውን ሲለብሱ ዐይን ውስጥ ይገባሉ፤ በበጋ መልሰው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሲሆኑ ከድንቢጥ መንጋ መለየት ያዳግታል። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የመዘገበ ሰው በጥርና በየካቲት ዝርዝሩ ውስጥም ያገኛቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። ኢበርድ የአንድን ሰው የዓመት ዝርያ ቁጥር የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ቀን ይውላል። በዚያን ቀን ክሬኖቹ በደምቢያ የታጨደ ማሳ ላይ ወድቆ የቀረውን እህል እየለቀሙ ናቸው፤ ንስሮቹ በየገደሉ አፋፍ ይዞራሉ፤ ዳክዬዎቹ ጎርጎራ ዳር ሰፍረዋል። ወቅቱ መካከሉ ላይ እያለ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በኅዳር መጥታ በመጋቢት የምትመለስ አንዲት ንስር አንዱ ቆይታዋ ለሁለት ዓመት ይከፈላል፤ በተመልካቹም ሁለት ዓመቶች ላይ ትቆጠራለች። ከዚህ የከፋው የዓመት ንጽጽሩ መደበላለቁ ነው። የፈረንጆቹ አንድ ዓመት የአንዱን በጋ ማብቂያና የሌላውን በጋ መጀመሪያ አንድ ላይ አስሮ ስለሚይዝ፣ በአንደኛው ክረምት ዝናቡ አጥሮ ውኃ ያዘሉ ሜዳዎች ቀድመው ቢደርቁ፣ ያ በወፎቹ ላይ ያመጣውን ለውጥ ከድምሩ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም።

በእኛ አቆጣጠር ግን ዓመቱ የሚከፈተው ፍልሰቱ ሲከፈት ነው። ከመስከረም 1 የሚጀምር ቆጠራ በመስከረምና በጥቅምት የሚገቡትን፣ በበጋ የሚቆዩትን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚመለሱትን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይይዛቸዋል። ከዚያም ዝናብ ተከትለው ለመራባት የሚመጡት፣ እንደ አብዲም ሽመላ ያሉት፣ በክረምቱ ይጨመሩና ጳጉሜን ላይ መዝገቡ ይዘጋል። የአንድ ዙር ፍልሰት ሙሉ ታሪክ ሳይቆረጥ በአንድ መዝገብ ይገኛል። ባሕረ ሐሳብ ለወፍ ቆጠራ አልተቀመረም፤ ነገር ግን በሰሜን ኢትዮጵያ ወፍ ለሚቆጥር ሰው ከዚህ የተሻለ የዓመት መነሻ አይገኝለትም ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

መፍትሔው ኢበርድን መተው አይደለም። ድረ ገጹ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ምዝገባ በሙሉ አንድ ላይ እንዲያወርድ ይፈቅዳል፤ ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት እያንዳንዱ ረድፍ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዝርያውንና ቁጥሩን ይዟል። በቀኑ ዓምድ ከሴፕቴምበር 11 እስከሚቀጥለው ሴፕቴምበር 10 ያለውን ለይቶ፣ የሚደጋገሙትን ዝርያዎች አስወግዶ መቁጠር ብቻ ነው የሚቀረው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት መነሻው በአንድ ቀን ይገፋል። ሥራው የአንድ ምሽት ነው፤ ለኮምፒውተር እንግዳ ለሆነ ሰው ግን እንደሚከብደው አልክድም። ተጠቃሚው የዓመቱን መነሻ ቀን ራሱ እንዲመርጥ የሚያስችል አንድ ምርጫ ቢጨመር ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል።

የቁጥሩ ታማኝነት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ረገድ ኢበርድን የማመሰግንበት ብዙ ነገር አለኝ። በጥቅምት ደምቢያ ሜዳ ላይ ጤፉ ገና ሳይታጨድ፣ ሃሪየር የሚባሉት ቀጫጭን አዳኞች ከእህሉ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብለው፣ ክንፋቸውን በትንሹ ወደ ላይ አንሥተው፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ ያድናሉ። ያደጉት ወንዶች ብዙም አያሳስቱም፦ ፓሊድ የሚባለው ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ በክንፉ ጫፍ ላይ ጠባብ ጥቁር ብቻ አለው፤ ሞንታጉ የሚባለው ደግሞ በክንፉ ላይ የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር አለው። ችግሩ ሴቶቹና ጫጩትነታቸውን ያልጨረሱት ላይ ነው፤ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ከጅራታቸው በላይ ነጭ ምልክት ያላቸው ናቸው። ወፉ ዞር ሲል ከጆሮ ግንዱ ጥቁረት ኋላ አንገቱን የከበበ ነጣ ያለ ጥምጥም ከታየ ወጣት ፓሊድ ነው፤ ያ እስኪታይ ግን ባይናኩላሩን ከዐይን ሳያወርዱ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ወፉ ፊቱን ሳያሳይ ከማሳው ማዶ ይጠፋል።

እንዲህ ሲሆን መተግበሪያው ግምት እንዲጻፍ አያስገድድም። ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ምርጫ አለው፤ ያ ተመርጦ ሲገባ ወፉ ከነቦታው ይመዘገባል፣ በዓመቱ የዝርያ ቁጥር ላይ ግን አይደመርም። ሩቅ ላይ የታየ ዳክዬም ዝርያው ሳይጠቀስ ዳክዬ ተብሎ ብቻ ሊገባ ይችላል። ለእኔ የዓመት ቆጠራ ክብሩ እዚህ ላይ ነው፤ እርግጠኛ የሆኑበትን ከገመቱት የማይለይ ቁጥር ትልቅ ቢሆንም ዋጋ የለውም። በስቴፕ ንስርና በታውኒ ንስር መካከል ያለው ልዩነትም እንዲሁ ቅርበትን ይጠይቃል። ከከተማ ዳር ባለ የቆሻሻ መጣያ ላይ ከጥንብ አንሳዎች ጋር አርፎ ሲገኝ በደንብ ይታያል፦ የስቴፕ ንስር የአፉ ቢጫ ጠርዝ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እስከ ዐይኑ ኋላ ጫፍ ይደርሳል፤ የታውኒ ግን የዐይኑን መካከል ሳያልፍ ይቆማል። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል፤ ስለዚህ እዚህ ቆሻሻ ላይ አርፎ የታየ አንድ ንስር በትክክል መመዝገቡ ከጎንደር አልፎ ይጠቅማል።

ለወቅቱ ወይም ለቦታው ያልተለመደ ወፍ ሲገባ፣ ወይም ቁጥሩ ከሚጠበቀው ሲበዛ፣ መተግበሪያው ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ከዚያም ምዝገባውን በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎች ያዩታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ አለመታመን ይቆጥሩታል። እኔ ግን ምን እንዳዩ በቃላት ለመጻፍ መገደድን እንደ ጥሩ መምህር እወስደዋለሁ፤ የእግሩን ቀለም፣ የቅንድቡን መስመር፣ የድምፁን ዓይነት መጻፍ ያልቻለ ሰው ወፉን በሚገባ እንዳላየው ያውቃል።

መርሊን የተባለው የዚሁ ተቋም ሌላ መተግበሪያ ጥቂት ጥያቄዎችን ጠይቆ፣ ፎቶ አይቶ ወይም ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይጠቁማል። ለጀማሪ ይረዳል። የድምፅ መለያው ግን በይበልጥ የዳበረው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ወፎች ላይ ስለሆነ፣ በእኛ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ የሰጠውን ስም በዐይን ሳያረጋግጡ ወደ ዓመት መዝገብ ማስገባት አይገባም። ፍልሰተኞቹም በመጸው ብዙ አይዘፍኑም።

ቋንቋው ለአማርኛ አንባቢ እንቅፋት መሆኑን መናገር አለብኝ። የምጠቀምበት በእንግሊዝኛ ነው፤ የወፎቹን የአማርኛ ስም እስካሁን አላገኘሁበትም። ከስሙ ጎን ሳይንሳዊ ስሙም እንዲታይ ማድረግ ስለሚቻል፣ ይህን ቅንብር መርጦ ሳይንሳዊውን ስም መልመድ በየመጻሕፍቱና በየአገሩ ለመግባባት ይረዳል። ሌላው ድክመት የእኛው እጅ ያለበት ነው። ድረ ገጹ እያንዳንዱን ወር በአራት ከፍሎ የትኛው ወፍ በየትኛው ሳምንት ምን ያህል እንደሚታይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው፤ በቂ ዝርዝር ያልደረሰባቸው ሳምንታት ግን ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ተመልካች ባለበት አገር ይህ ሠንጠረዥ እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል፤ በእኛ አካባቢ የሚሞላው እዚህ የምንኖረው ሰዎች ጎብኚ በማይመጣበት ወቅትም ስንመዘግብ ነው። በየዓመቱ በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ የሚደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው የዓለም ወፍ ቆጠራ ቀን በእኛ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ ለጀማሪም ለተማሪዎችም መልካም አጋጣሚ ነው።

ጎንደር ውስጥ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የፋሲል መዋኛ ቅጥር ግቢ ይበቃዋል። ገንዳው ለጥምቀት እስኪሞላ ድረስ ደረቅ ቢሆንም፣ ሥራቸው ግንቡን ያቀፈው አሮጌ ዛፎች በጠዋት ትንንሾቹን ዋርብለሮች በቅርብ ያሳያሉ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥርም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ግን ቅዳሴ እስኪያልቅ መጠበቅና ለአባቶች አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ውኃ ዳር ለሚውሉት አንገረብ ግድብ፣ ለአዳኞቹ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የኮሶዬ ገደል፣ ለክሬንና ለዳክዬ ደምቢያና ጎርጎራ የተሻሉ ናቸው። ከከተማ ርቆ ለሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ መጠየቅ፣ ባይናኩላር ይዞ ከመቆም በፊትም ለአካባቢው ሰው ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ግድ ነው። ደምቢያ ላይ አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆሜ ሲያዩኝ ከብት እንደምፈልግ ጠርጥረው ነበር። «አባቴ፣ ወፍ ነው የማየው» ብዬ ባይናኩላሩን ስሰጣቸው፣ ክሬኖቹ በየትኛው ማሳ እንደሚያድሩ፣ ሽምብራው ሲዘራ የት እንደሚወርዱ ዝርዝር አድርገው ነገሩኝ። እንዲህ ያለው እውቀት በመተግበሪያው የማስታወሻ ቦታ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፤ እኔም እጽፈዋለሁ።

ሲመዘገቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የሚላከው ዝርዝር ለማንም የሚታይ ነው። ስሙ እንዲታይ የማይፈልግ ሰው በቅንብሩ ውስጥ ሊደብቀው ይችላል፤ የመኖሪያ ግቢን እንደ መመልከቻ ቦታ ከመመዝገብ ይልቅም በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታ መምረጥ ይሻላል። መንገዱን ሲይዝ ውሎ ባትሪ ስለሚጨርስ፣ ጎርጎራን ለመሰለ የሙሉ ቀን ጉዞ ፓወር ባንክ ሳይያዝ መውጣት አይመከርም። መተግበሪያው ዛሬ ከወረደ፣ ዝርዝሩም ቤት ውስጥ ከተጫነ፣ ለመስከረም 1 ጠዋት ዝግጁ ነው።